የደጋ ጦጣዎችና ዝንጀሮዎች በክረምትና በበጋ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በኢትዮጵያ ተራሮች ላይ ስለሚኖሩ ጦጣዎችና ዝንጀሮዎች፣ በተለይም ወቅት ሲለወጥ የት እንደሚውሉና ምን እንደሚበሉ፣ ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁትን ከቀላሉ ጀምረን እንመልሳለን።

በተራሮቻችን ላይ የትኞቹ የጦጣና የዝንጀሮ ዓይነቶች ይኖራሉ?

መጀመሪያ የሚታወሰው ጭላዳ ነው፤ ተገቢም ነው። በዱር የሚኖር ጭላዳ ከኢትዮጵያ ደጋ ውጭ በዓለም ላይ የትም የለም። ሁለተኛው ብርቅዬ የባሌ ጦጣ ነው። በባሌና በሲዳማ አካባቢ በሚገኝ የደጋ ጫካ፣ በተለይ በቀርከሃ ውስጥ ይኖራል። እሱም የኢትዮጵያ ብቻ ነው። ከጭላዳ ጋር ሲነጻጸር ግን ስሙን የሚያውቀው ሰው በጣም ጥቂት ነው፤ ይህ ያሳዝናል።

ከእነዚህ ሌላ ጉሬዛ አለ። ረጅም ዛፍ ባለበት ደን ሁሉ ሊገኝ ይችላል። ለአዲስ አበባ ቅርብ በሆነው በመናገሻ ሱባ ደን ውስጥም ይታያል። ተራው ጦጣና አኑቢስ የሚባለው ዝንጀሮ ከቆላ እስከ ደጋ ድረስ አሉ። በምዕራብ ሸዋ በጅባት ደን፣ እንዲሁም በደቡብ ምዕራብ ደኖች የቡቱርሊኒ ጦጣ ይኖራል። ሃማድርያስ ዝንጀሮ ደግሞ የደረቅ ቆላ እንስሳ ቢሆንም በሰሜን ተራሮች ዝቅተኛ ክፍል ድረስ ይደርሳል።

ጭላዳ ዝንጀሮ ነው ወይስ ሌላ እንስሳ?

በልማድ «ጭላዳ ዝንጀሮ» እንለዋለን፤ ዘመዳሞችም ናቸው። ጭላዳ ግን የራሱ ወገን አለው። የዚህ ወገን ሌሎች ዝርያዎች በጥንት ዘመን በአፍሪካ ብዙ ቦታ ይኖሩ እንደነበር ቅሪተ አካላቸው ይመሰክራል። ሁሉም ጠፍተው ዛሬ የቀረው እሱ ብቻ ነው።

ለመለየት ደረቱን ማየት ይበቃል። ፀጉር የሌለበት ቀይ ቁርበት አለው። ወንዱ እስከ 20 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ ትከሻው ላይ ረጅም ጋማ ይወርዳል። ሴቷ ከእሱ በጣም ታንሳለች። ትልቁ ልዩነት ግን አመጋገቡ ላይ ነው። ዝንጀሮ ፍሬም፣ ሥርም፣ ነፍሳትም፣ ሲያገኝ ሥጋም ይበላል። ጭላዳ በዋናነት ሣር በል ነው። መሬት ላይ ቁጭ ብሎ፣ በመቀመጫው እየተንፏቀቀ፣ በሁለት እጁ ሣሩን እየነጨ ሲግጥ ይውላል። አውራ ጣቱና ሌባ ጣቱ ቀጭን ሣር ለይቶ ለመንቀል የተመቹ ናቸው። ጥርሶቹም ሣሩን አድቅቀው ይፈጫሉ። ወቅት ጭላዳን ለምን እንደዚህ እንደሚፈትነው የሚገባን ይህንን ስናውቅ ነው።

በየትኛው ከፍታ የትኛው ይገኛል?

ጭላዳ ከ1,800 ሜትር ገደማ ጀምሮ እስከ 4,400 ሜትር ይገኛል። ዋናው መኖሪያው ግን ገደል ያለበት ደጋና ከዚያ በላይ ያለው ውርጫማ አገር ነው። በሰሜን ተራሮች፣ በመንዝ ጓሳ፣ በአንኮበርና በደብረ ሲና ገደላገደል፣ በደብረ ሊባኖስ አካባቢ ባለው ሸለቆ ይታያል። ከስምጥ ሸለቆው ማዶ፣ በአርሲ በኩል ደግሞ ከሌሎቹ ተነጥሎ የቀረ አነስተኛ የጭላዳ ሕዝብ አለ።

የባሌ ጦጣ ከሞላ ጎደል ከ2,400 እስከ 3,200 ሜትር ባለው ከፍታ ተወስኗል። ጉሬዛ ደኑ የት ድረስ ነው ከሚለው ጋር ይሄዳል፤ ዛፉ ሲያልቅ እሱም ያልቃል። አስታና ጅባራ ብቻ በሚበቅልበት ከፍታ ላይ ጉሬዛ መፈለግ ድካም ነው። ተራው ጦጣና አኑቢስ ዝንጀሮ ውሃና ጥቂት ዛፍ ካገኙ የትም ይኖራሉ፤ የሰው እርሻ አጠገብ መሆንም አያስቸግራቸውም።

ወቅት ሲለወጥ ከተራራው ይሰደዳሉ?

አይሰደዱም። ሐምሌ ላይ ጭላዳ ያየንበት ተራራ ጥር ላይም ጭላዳ አለው። ወፎች አገር አቋርጠው እንደሚሄዱት ዓይነት ጉዞ የላቸውም። በአንድ ተራራ ላይ የሚኖሩት ዝርያዎች ዝርዝር በክረምትም በበጋም ያው ነው።

የሚለወጠው በዚያው ተራራ ውስጥ የሚውሉበት ቦታ ነው። በክረምት ሣሩ በየቦታው ለምለም ስለሆነ ጭላዳዎች ሜዳው ላይ በብዛት ተሰብስበው ይግጣሉ። አንድ ወንድ፣ ጥቂት ሴቶችና ልጆቻቸው ያሉበት ቤተሰብ መሠረታዊው ስብስብ ነው። ምግብ ሲበዛ ብዙ ቤተሰቦች ይቀላቀሉና መንጋው በመቶዎች፣ አንዳንዴም ከሺህ በላይ ይሆናል። በበጋ ሣሩ ሲጠወልግ መንጋው ይበታተናል። ትናንሽ ቡድኖች እርጥበት ወዳለው ረግረግ፣ ወደ ምንጭ ዳርና ወደ ገደሉ አፋፍ ይሄዳሉ።

ከብትም ድርሻ አለው። ብዙ ከብት በተሰማራበት ሜዳ ላይ ጭላዳ ቦታ ያጣል። እረኞችና ውሾች ሲያባርሩት ከብት ወደማይደርስበት ቁልቁለት ይወርዳል። ስለዚህ በበጋ ጭላዳ ገደል ላይ ብቻ ስናይ «ገደል ወዶ ነው» ብለን ባንቸኩል ጥሩ ነው። ብዙ ጊዜ ሜዳውን ተነጥቆ ነው።

ሣሩ ሲደርቅ ጭላዳ ምን ይበላል?

ይቆፍራል። በእርጥቡ ወቅት ዋና ምግቡ ለምለም የሣር ቅጠል ነው። ከዝናቡ መውጫ በኋላ ሣሩ ሲያፈራ ዘሩን በጣቱ እየቀነጠሰ ይበላል። ድርቁ ሲበረታ ደግሞ እጁን እንደ መቆፈሪያ ተጠቅሞ ሥራሥርና ከመሬት በታች ያለውን የተክሎች ግንድ ያወጣል። ቁፋሮ ጊዜና ጉልበት ይወስዳል። ለዚህ ነው በበጋ ለመብላት የሚያጠፋው ሰዓት የሚረዝመው። ለመተሻሸትና ለመጫወት የሚተርፈው ጊዜ ያጥራል።

ይሁን እንጂ ሁሉም ቦታ አንድ አይደለም። ጓሳ በአንጻሩ በከብት ያልተጎዳ ቦታ ነው። እዚያ በተደረገ የረጅም ጊዜ ጥናት ጭላዳዎቹ ከሣር ሌላ ብዙ ዓይነት ቅጠላ ቅጠል እንደሚበሉ ታይቷል። «ጭላዳ ከሣር ሌላ አይቀምስም» የሚለው አባባል የመጣው በከፊል ቀደምት ጥናቶች ሰውና ከብት በበዛበት ቦታ ስለተሠሩ ይመስለኛል። ሌላ ምርጫ የሌለው እንስሳ ሣር ብቻ ቢበላ አይገርምም። እንዲያውም እ.ኤ.አ. በ2009 የአንበጣ መንጋ ጓሳ ላይ ሲሰፍር ጭላዳዎቹ አንበጣውን እየለቀሙ ሲበሉ ተመዝግቧል።

ጓሳ እንዲህ የቆየው ያለ ምክንያት አይደለም። የመንዝ ሰዎች ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቄሮ በሚባል ሥርዓት ሲጠብቁት ኖረዋል። ለቤት ክዳን የሚሆነው የጓሳ ሣር ለተከታታይ ዓመታት ይከለከልና ተፈቅዶ የሚታጨደው ቀን ተቆርጦ ነበር። ጭላዳውን ለማኖር ብለው ባያወጡትም ሕጉ ጭላዳውን አኑሮታል።

ሌሊት የት ያድራሉ? ብርዱን እንዴት ይችሉታል?

ጭላዳ የሚያድረው ገደል ላይ ነው። ማታ ማታ መንጋው ወደ አፋፉ ይመጣና ነብርና ጅብ በማይደርሱበት የዓለት እርከን ላይ ይወርዳል። እናቶች ልጆቻቸውን አቅፈው፣ ሌሎቹም ተጠጋግተው ያድራሉ። ገደል በሌለበት ሜዳ ላይ፣ ሣሩ ምንም ያህል ቢያምር፣ ጭላዳ ቤቴ ብሎ አይኖርም።

በደጋ ሁለት ዓይነት ብርድ አለ። የክረምቱ ዝናብ፣ ጉምና በረዶ የቀላቀለ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ያረጥባል። የበጋው፣ በተለይ ከኅዳር እስከ ጥር፣ ሌሊቱ ጥርት ብሎ ውርጭ ይጥላል፤ ቀን ግን ፀሐይ ይወጣል። በበጋ ጠዋት ከገደሉ የወጡ ጭላዳዎች ግጦሽ ከመጀመራቸው በፊት ፊታቸውን ለፀሐይ ሰጥተው ለረጅም ጊዜ ይሞቃሉ፣ ይተሻሻሉ። የክረምቱ እርጥብ ብርድ ይብሳል፤ ፀጉሩ ሲረጥብ ሙቀት አይዝም፣ የምትሞቅ ፀሐይም የለችም። ቤተሰቡ ክብ ሠርቶ ተቃቅፎ ዝናቡ እስኪያባራ ይጠብቃል።

የባሌ ጦጣ ለምን በጥቂት ቦታ ብቻ ተወሰነ?

በቀርከሃ ምክንያት። በኦዶ ቡሉ ደን የተደረገ ጥናት ከምግቡ ሦስት አራተኛ በላይ የሚሆነው የቀርከሃ ቅጠል፣ በተለይም ለጋው፣ እንደሆነ አሳይቷል። ከጦጣ ወገን እንደዚህ በአንድ ተክል ላይ የተንጠለጠለ እንስሳ ብዙ የለም። ዘመዱ ተራው ጦጣ ያገኘውን ሁሉ የሚበላ ሲሆን፣ የባሌ ጦጣ ግን የደጋ ቀርከሃ ሌላ እንስሳ ብዙ የማይሻማበት ምግብ ስለሆነለት እዚያው ኖረ።

ወቅት እሱንም ይነካዋል፤ ግን ከጭላዳ ባነሰ መጠን። ቀርከሃ ዓመቱን ሙሉ ቅጠል አለው። ዝናብ ሲጥል አዲስ ቡቃያ ከመሬት ይወጣል፤ ያኔ ቡቃያውንም ይበላል። በደረቁ ወራት ወደ ሌሎች ዛፎች ፍሬና ቅጠል ትንሽ ዘወር ይላል። ችግሩ ያለው ቀርከሃው ተቆርጦ ደኑ ወደ ቁርጥራጭ በተለወጠበት ቦታ ነው። እዚያ የቀሩት ጦጣዎች ምግባቸውን አስፍተው ቁጥቋጦና ሰብል ጭምር መብላት ጀምረዋል። ይህ መላመድ መቻላቸውን ያሳያል። ነገር ግን ከገበሬው ጋር ያጣላቸዋል።

ጉሬዛስ በበጋ ይቸገራል?

ከጭላዳ ያነሰ። ጉሬዛ ክፍል ክፍል ያለው ሆድ ስላለው ሌሎች የማይፈጩትን ቅጠል ይፈጫል። ለጋ ቅጠል ሲጠፋ የበሰለውን ይበላል፤ ብዙ ያርፋል፣ ጥቂት ይንቀሳቀሳል። ከአንድ የደን ክፍል ብዙ ሳይርቅ ዓመቱን ይገፋል። እሱን የሚጥለው በጋ ሳይሆን መጋዝ ነው።

ለማየት መቼና የት ልሂድ?

እኔን ከጠየቃችሁ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር። ዝናቡ ያቆማል፣ ጉሙ ይነሣል፣ ሣሩ ገና አረንጓዴ ነው። የጭላዳ መንጋም ትልቅ ሆኖ ሜዳ ላይ ይገኛል። ከደባርቅ ተነሥቶ ሳንካበር፣ ግጭ ወይም ጨነቅ የሚሄድ ሰው መንጋ ሳያይ አይመለስም ማለት ይቻላል። ጊዜ የሌለው የአዲስ አበባ ሰው ደብረ ሊባኖስ ደርሶ፣ የፖርቱጋል ድልድይ የሚባለው አካባቢ ገደሉን ቢቃኝ ዕድል አለው። ለባሌ ጦጣ ቦታውን የሚያውቅ አስጎብኚ ያስፈልጋል፤ በቀርከሃ ውስጥ ድምፁን አጥፍቶ ስለሚንቀሳቀስ ብቻውን የሄደ ሰው በአጠገቡ ሊያልፍ ይችላል።

ጠዋት ሂዱ፤ ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ጭላዳ አፋፉ ላይ ነው። እባካችሁ ዳቦም ሙዝም አትስጧቸው። የሰው ምግብ የለመደ እንስሳ ነገ የልጅ ምሳ ይቀማል፤ ከዚያ በኋላ ድንጋይና ዱላ ይከተለዋል። ጨዋታው የጀመረው ግን ከመኪና መስኮት ብስኩት በወረወረው ሰው ነው።

አዝመራ የሚበሉት መቼ ነው? ገበሬውስ ምን ያድርግ?

ሁለት ጊዜ ይበረታል። አንደኛው ዘር ሲዘራና ቡቃያ ሲወጣ፣ ሁለተኛው እሸት ሲደርስ ነው። በደጋ ገብስ ዋናው ተጠቂ ነው። ወይና ደጋ ላይ በቆሎ። ጭላዳ ሲገባ በመንጋ ስለሆነ ጉዳቱ በአንድ ጠዋት ይታያል። ተራው ጦጣና አኑቢስ ዝንጀሮ ጥቂት ሆነው ነው የሚመጡት። ነገር ግን ደጋግመው ይመጣሉ፣ ጠባቂው ምሳ የሚበላበትን ሰዓት ሳይቀር ያውቃሉ።

የገበሬው ምሬት እውነተኛ ነው። የዓመት ቀለቡን ያጣ ሰው ፊት ስለ ብርቅዬ እንስሳ ማውራት ተገቢ አይመስለኝም። እስካሁን ከሁሉም የሚሻለው ጥበቃ ነው፤ እሱም ከባድ ዋጋ አለው። ልጆች ከትምህርት ቤት ቀርተው ማሳ ይጠብቃሉ። ጎረቤታሞች ተራ ገብተው በጋራ ቢጠብቁ ጫናው ይቀላል። ከደኑ ወይም ከገደሉ ጋር በሚዋሰነው ማሳ ላይ በቆሎና ገብስ ባይዘራ፣ እሸቱም እንደደረሰ ቶሎ ቢታጨድ ይረዳል። መርዝ ማስቀመጥ ግን ፈጽሞ መፍትሔ አይደለም። ውሻውን፣ አሞራውን፣ ቀይ ቀበሮውን ጭምር ይገድላል።

ቀይ ቀበሮ በጭላዳ መሀል ሲሄድ ጭላዳ ለምን አይሸሽም?

ጓሳ ላይ ይህ በግልጽ ይታያል። ቀይ ቀበሮ በሚግጠው መንጋ መሀል በዝግታ እየተራመደ አይጥ ያድናል። የጭላዳ ግልገሎች አጠገቡ ናቸው፤ አይነካቸውም ማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ ጥናት ቀበሮው በጭላዳ መሀል ሆኖ ሲያድን ከሙከራው 67 በመቶው እንደሚሳካለት፣ ብቻውን ሲሆን ግን 25 በመቶ ብቻ እንደሆነ አሳይቷል። ምክንያቱ በእርግጠኝነት አልተለየም። ምናልባት ጭላዳው ሲግጥ አይጦቹን ከጉድጓድ ያስወጣቸዋል፤ ወይም አይጦቹ ቀበሮውን ከመንጋው አይለዩትም። ለውሻና ለነብር ግን ጭላዳ እንዲህ አይታገሥም፤ ጩኸቱን አሰምቶ ወደ ገደሉ ይወርዳል።

ቆጠራው በክረምትና በበጋ የተለያየ ቁጥር ሲያሳይ እንስሳቱ ቀንሰዋል ማለት ነው?

አይደለም፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ጭላዳ በጥቂት ወራት ውስጥ በእጥፍ አይባዛም፣ በግማሽም አይቀንስም። ሴቷ በአንድ ጊዜ አንድ ልጅ ነው የምትወልደው፤ ሌላ እስክትወልድም ዓመታት ያልፋሉ። ስለዚህ በነሐሴና በየካቲት ቆጠራ መካከል ትልቅ ልዩነት ካለ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት «ስንቶቹ ታዩ?» የሚለው ነው።

የቆጠራው አሠራር ይህን ያስረዳል። ቆጣሪዎች በካርታ ላይ መስመር አስምረው በዚያው መስመር በተመሳሳይ ሰዓት ይሄዳሉ፤ ያዩትን መንጋ፣ ርቀቱን፣ ዕድሜና ጾታውን ይመዘግባሉ። በክረምት ጉም እይታን ይዘጋል፣ ጫካውም ጥቅጥቅ ይላል። በዚህ ላይ ጭላዳው በአንድ ትልቅ መንጋ ስለሚሰበሰብ መስመሩ ያን መንጋ ካላገኘው ቁጥሩ ይወድቃል፤ ካገኘው ደግሞ ሰማይ ይነካል። በበጋ እይታው ጥሩ ነው። ቡድኖቹ ግን ስለሚበታተኑ አንዱን ሁለት ጊዜ መቁጠር ቀላል ነው። ገደል ላይ የሚያድሩትን ንጋት ላይ፣ ከመበተናቸው በፊት፣ ከተለያየ ቦታ በአንድ ጊዜ መቁጠር የተሻለ ነው።

«የዝርያ ብዝኃነት በበጋ ጨመረ» የሚል ውጤት ሲቀርብም ተጠንቅቃችሁ አንብቡ። የብዝኃነት መለኪያው የዝርያዎቹን ብዛት ብቻ ሳይሆን ቁጥራቸው ምን ያህል እንደሚቀራረብም ያሰላል። በክረምት አንድ ትልቅ የጭላዳ መንጋ ከተመዘገበ ሌሎቹ ይዋጣሉ፤ መለኪያውም ይወርዳል። ተራራው ላይ አንድም ዝርያ ሳይጎድል ወረቀቱ ላይ «ብዝኃነት ቀነሰ» ይላል። አንድን ወቅት ከሌላው ከማወዳደር ይልቅ የዘንድሮን ክረምት ከአምናው ክረምት ጋር ማወዳደር ስለ እንስሳቱ ሁኔታ የበለጠ ይናገራል።

የተለያዩ ዝርያዎች ይዳቀላሉ?

አንዳንዶቹ አዎ። በአዋሽ ፏፏቴ አካባቢ አኑቢስና ሃማድርያስ ዝንጀሮዎች ለረጅም ዘመን ሲዳቀሉ ኖረዋል፤ ይህ በዓለም ላይ በደንብ ከተጠኑት አንዱ ነው። የእነሱ የተፈጥሮ ድንበር ስለሆነ ብዙም አያሳስብም።

የባሌ ጦጣ ነገር ግን ይለያል። ቀርከሃው ሲቆረጥና ደኑ ሲከፈት ተራዎቹ ጦጣዎች ወደ ግዛቱ ይገባሉ። በቁርጥራጭ ደኖች ውስጥ የባሌ ጦጣ ከእነሱ ጋር መዳቀሉን ጥናቶች አረጋግጠዋል። በሰፊው ያልተነካ ደን ውስጥ ያለው የባሌ ጦጣ እስካሁን ንጹሕ ነው፤ ለዚህም የሐረና ዓይነት ሰፊ ደን ዋጋው ትልቅ ነው።

የአየር ንብረት ሲሞቅ ወደ ላይ ቢወጡ ችግሩ ምንድን ነው?

ላይ ያለው መሬት ትንሽ ነው። ተራራ ወደ ላይ በወጣን ቁጥር ይጠባል፤ የሰሜን ተራሮች ከፍተኛው ጫፍ ራስ ዳሽን እንኳ ከ4,500 ሜትር ብዙም አያልፍም። ለዓመታት ጭላዳን ያጠናው ሮቢን ደንባር እ.ኤ.አ. በ1998 ባወጣው ስሌት፣ ሙቀቱ በ2 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ለጭላዳ የሚስማማው ከፍታ በ500 ሜትር ገደማ ወደ ላይ ይሸሻል። ያ ማለት ዛሬ ጭላዳ ያለባቸው ዝቅተኛ ሸለቆዎች ይለቀቃሉ፤ በከፍታ የቀሩት መንጋዎችም በመካከላቸው ሞቃት ቆላ ይገባና ይነጣጠላሉ።

ሌላው ችግር ገበሬውም አብሮ መውጣቱ ነው። ሙቀት ሲጨምር ገብስ ቀድሞ በማይበቅልበት ከፍታ ይበቅላል፤ እርሻው የጭላዳውን ሜዳ ተከትሎ ይወጣል። የአርሲው ጭላዳ ሁኔታ ከሁሉም ያሰጋል። ቁጥሩ አነስተኛ ነው፣ ዙሪያውን በእርሻ ተከብቧል፣ ከሰሜኖቹ ዘመዶቹም በስምጥ ሸለቆው ተለይቷል። እዚያ ያለው ገደል በሰብል እስከ አፋፉ ከተሞላ የሚሄድበት ሌላ ተራራ የለውም።